ጎማ ደርድረን ገመድ ብንወጥር ይበቃል ወይ?

የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሀያ የምንሆን መኪና የምንወድ ጓደኛሞች ነን። አገልግሎት ያቆመ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ተፈቅዶልን የመጀመሪያ ውድድራችንን ልናዘጋጅ ነው። አራት አራት መኪና አብሮ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ከ120 አያልፍም። ኩርባዎቹ ዳር አሮጌ ጎማ እንደረድራለን፣ ተመልካቹን ከትራኩ 5 ሜትር አርቀን በገመድ እንከልላለን፣ ዋናው ኩርባ ጋ እናቆማቸዋለን ምክንያቱም ጥሩ የሚታየው እዛ ነው። ሁሉም ሹፌር የሞተር ሳይክል ሄልሜት አለው፣ ሮል ኬጅም (ስትገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፋ መኪና ውስጥ የሚገባው የቱቦ ክፈፍ) ከውሃ ቧንቧ አስበይደናል። ሁሉም ፈርሞ ነው የሚገባው። አንድ አምቡላንስም ይመጣል። ትንሽ ገንዘብ ተርፎናል፣ የተሻለ ሄልሜት እንግዛበት ወይስ ለተመልካቹ አጥር እንስራበት?»

ሁለቱም ላይ አታውሉት። ገንዘቡ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ሌላ ቦታ ነው፣ እመጣበታለሁ፣ ግን አሁን በጻፋችሁት እቅድ ውድድሩን እንዳታካሂዱት። የጻፋችሁትን ሶስቴ አነበብኩት፣ ሶስቴም አይኔ የሚያርፈው «5 ሜትር» እና «ዋናው ኩርባ ጋ» የምትለዋ ላይ ነው። ሰው የሚሞተው እዛ ነው።

ከፍጥነቱ ልጀምር። ቴሌቪዥን ላይ 300 የሚሄድ ስለምታዩ 120 ትንሽ መስሏችኋል። በ120 የምትሄድ መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ትጨርሳለች፣ ያቺ 5 ሜትራችሁ ለሷ 0.15 ሰከንድ ናት፣ አይን እስኪጨፈን ማለት ነው። ሰው መኪና እየመጣበት እንደሆነ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን እስኪያነሳ ድረስ ቀልጣፋ ነው የሚባለው እንኳን አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ተጠቅጥቆ ከሆነ ደሞ ቢያይም መሄጃ የለውም። ከዛ መኪናዋ ለመቆም የምትፈልገው ርቀት አለ። በ120 ከትራክ የወጣች መኪና ፍሬን ተይዞ ደረቅ አስፋልት ላይ ብትንሸራተት ወደ 80 ሜትር ትሄዳለች፣ ሳር ላይ ከወጣች ግን ጎማው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ወደ 190 ሜትር ልትደርስ ትችላለች። በ80 ስትሄድ አስፋልት ላይ 36፣ ሳር ላይ 84 አካባቢ ነው። አስፋልቱን 0.7 ሳሩን 0.3 ሰበቃ (ጎማው መሬቱን የሚይዝበት መጠን) ሰጥቼ የሰራሁት ሂሳብ ነው፣ ዝናብ ከመጣ ከዚህም ይብሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናዋ ይዛው የምትሄደው ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ይሄን ነገር ሹፌሮቻችሁ ሁሉ በልባቸው ቢይዙት ደስ ይለኛል። የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳር ነው፣ ቦታው ሰፊ መሆኑ ደህንነት አይደለም፣ ሰፊውን ቦታ ባዶ ካልተዋችሁት በስተቀር።

ቀጥሎ ጎማው። ዝም ብሎ የተደረደረ ጎማ መከላከያ አይባልም። ጎማ የሚሰራው እርስ በርሱ ተበስቶ በቡሎን ሲታሰር፣ ፊቱ ላይ ፋብሪካ ውስጥ እቃ የሚያመላልሰው አይነት ወፍራም የላስቲክ ቀበቶ ሲለብስ፣ ከጀርባው የሚደገፈው ሲኖር ነው። ያልታሰረ ክምር ውስጥ መኪና በጉልበት ስትገባ ወይ ጎማዎቹ ተበታትነው ራሳቸው የሚወረወር ነገር ይሆናሉ (ከጀርባቸው ሰው እንዳለ አስቡት)፣ ወይ ደሞ የመኪናዋ አፍንጫ ከስር ይገባና ጎማው በኮፈኑ ላይ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱ ላይ ይመጣል። ይሄ ከስር መግባት የሚባለው ነገር በደንብ በተሰራ ዘመናዊ መከላከያም ደርሷል፣ 2015 ሩሲያ ሶቺ ላይ የፎርሙላ ዋን ሹፌሩ ካርሎስ ሳይንዝ ልምምድ ላይ ከትራክ ወጥቶ መኪናው ሙሉ በሙሉ ከመከላከያው ስር ተቀብሮ ነበር፣ ደግነቱ በማግስቱ ለመወዳደር በቃ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

አጥር ወይም ግንብ ስታስቡ ደሞ «ጠንካራ ይሁን» ብቻ አትበሉ። ዋናው ጥያቄ መኪናዋ ስንት ሜትር ውስጥ ነው የምትቆመው የሚለው ነው። ከ100 ተነስታ በግማሽ ሜትር ውስጥ ብትቆም ሹፌሩ ሰውነት ላይ የሚያርፈው የራሱን ክብደት 79 እጥፍ ገደማ ነው፣ በ1 ሜትር 39 እጥፍ፣ በ2 ሜትር 20 እጥፍ። አንድ ሜትር ተጨማሪ ማለት አንድ ህይወት ሊሆን ይችላል። ለዛ ነው 2002 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሴፈር የሚባለው መከላከያ ሲገባ ከኮንክሪቱ ፊት የብረት ቱቦ፣ በመሃላቸው ፎም ተደርጎ የተሰራው፣ ግድግዳው ራሱ ትንሽ እንዲሸሽ። አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ከትራኩ ጎን ለጎን የሚሄድ ግንብን በ100 እየሄደች በ15 ዲግሪ የምታገኘው መኪና ግንቡን በቀጥታ የምትመታበት ፍጥነት 26 አካባቢ ብቻ ነው፣ ታክካው ታልፋለች። ያው ግንብ ከኩርባ መጨረሻ ፊት ለፊት ከተደቀነ ግን ሙሉውን 100 ትቀበላለች። የመከላከያ አጥር ጫፍም፣ ያ ሹል ሆኖ የሚጀምርበት ቦታ፣ ከሁሉም የከፋ ነው፣ መኪና ውስጥ እንደ ጦር ይገባል። ተዳፋት ያለው የአፈር ክምር ደሞ አፈር ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑበት፣ ፈጥና ለምትመጣ መኪና መወጣጫ ነው፣ ወደ ላይ ያስነሳታል።

አሁን ወደ ተመልካቹ ልምጣ። የናንተ ጥያቄ ስለ ሄልሜት ብዙ ያወራል፣ እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ገመዱ ጋ የሚቆመው ሰው ነው። ሹፌሩ አደጋውን አውቆ ገብቷል፣ ብረት ከቦታል፣ ቀበቶ አስሯል። ተመልካቹ ልጁን ትከሻው ላይ አርጎ የመጣ ሰው ነው። «ፈርሞ ነው የሚገባው» ያላችሁትም ምንም አያተርፍም፣ ወረቀት መኪና አያቆምም፣ ህጻን ልጅ ደሞ አይፈርምም።

1955 ፈረንሳይ ሌ ማን ላይ የሆነውን ብዙ ሰው የሹፌር ጥፋት አርጎ ነው የሚያወራው። ማይክ ሃውቶርን ወደ ፒት (መኪኖች ነዳጅ የሚሞሉበትና ጎማ የሚቀይሩበት ቦታ) ለመግባት ፍሬን ያዘ፣ ከኋላው የነበረው ላንስ ማክሊን እሱን ለመሸሽ ወደ ግራ ወጣ፣ ፒየር ሌቬ በመርሰዲስ በጣም ፈጥኖ እየመጣ ነበርና የማክሊንን ጀርባ መታው፣ የማክሊን መኪና ጀርባዋ ተዳፋት ስለሆነ መርሰዲሷ እንደ መወጣጫ ወጥታባት ተነሳች። ከህዝቡ የሚለያት ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ ብቻ ነበር። መኪናዋ እሱን መታችና ሞተሩ፣ የፊት እግሯ፣ ኮፈኑ ተነቅለው በሰው መሃል አለፉ። ከ80 በላይ ተመልካች እና ሌቬ ራሱ ሞቱ። ስዊዘርላንድ ከዛ በኋላ በትራክ ላይ የሚደረግ የመኪና ውድድርን አገሯ ውስጥ ከለከለች። እዚህ ውስጥ ልብ በሉልኝ፣ ሁሉም የሆነው በአንድ ሰከንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው፣ ተመልካቹ ምንም ሊያደርግ የሚችለው ነገር አልነበረም፣ የተገደሉትም ከግድቡ ጀርባ፣ «በተፈቀደላቸው ቦታ» የቆሙ ሰዎች ናቸው።

«ቀጥታ መንገድ ላይ ካቆምናቸውስ?» እንዳትሉኝ ደሞ፣ 1957 ጣሊያን ውስጥ ሚሌ ሚሊያ ላይ አልፎንሶ ዴ ፖርታጎ የሚነዳት ፌራሪ ጎማዋ የፈነዳው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው፣ ሹፌሩና አብሮት የነበረው ሲሞቱ 9 ተመልካችም ሞተ፣ አምስቱ ልጆች ነበሩ። ውድድሩ በዛው ቀረ። «እነዚህ የድሮ ናቸው» ከተባለም በ2010 ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ በማታ በተደረገ ውድድር አንድ ፒክአፕ ተገልብጦ ትራኩ ዳር ተጠግቶ የቆመው ህዝብ ላይ ወድቆ 8 ሰው ሞቷል፣ በ2024 ደሞ ስሪላንካ ዲያታላዋ ላይ መኪና ከትራክ ወጥቶ 7 ሰው ገደለ። እነዚህ ሁለቱ ፎርሙላ ዋን አይደሉም፣ ከናንተ ብዙም የማይርቁ ውድድሮች ናቸው፣ ሰው እንደልቡ ተጠግቶ የሚያይባቸው።

ስለ አጥር ልመልስላችሁ። እውነተኛው የውድድር አጥር በወፍራም የብረት ገመድና በተተከለ ምሰሶ የሚሰራ ውድ ነገር ነው፣ እሱም ቢሆን የመኪናዋን አካል ይይዛል እንጂ የተገነጠለውን ነገር ሁሉ አያስቀርም። 2013 አሜሪካ ዴይቶና ላይ የካይል ላርሰን መኪና ተነስታ አጥሩን መታች፣ አጥሩ መኪናዋን መልሶ ወደ ትራኩ ጣላት፣ ጎማና ስብርባሪ ግን አልፎ መቀመጫው ላይ ወረደ፣ ከ25 በላይ ሰው ተጎዳ። 1999 ሻርሎት ላይ ደሞ የተገነጠለ ጎማ ሶስት ተመልካች ገድሏል። እነዚህ በጣም ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ትራኮች ናቸው። እናንተ በተረፋችሁ ገንዘብ የምትሰሩት የሽቦ አጥር ምን እንደሚሆን እዚህጋ መናገር አያስፈልገኝም፣ ቢመታ ሽቦውና ቋሚው ራሱ የሚወረወር ነገር ይሆናል፣ ከዛ በላይ ደሞ ሰው አጥር አለ ብሎ ይደገፈዋል። ገመድ ቢያንስ ማንንም አያታልልም። የናንተ አጥር ርቀት ነው። ርቀት በነጻ ነው፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ደሞ ሞልቷችኋል።

የሚቆሙበትን ቦታ ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ አስቡ፣ እዚህ ቦታ ላይ ፍሬኗ ያልያዘ፣ መሪዋ ያልታዘዘ መኪና ወዴት ትሄዳለች? ኩርባ ላይ የመጣችበትን አቅጣጫ ይዛ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ስለዚ የኩርባ ውጪ በኩል በፍጹም ሰው አይቆምበትም። የኩርባ ውስጥ በኩልም ደህና አይደለም፣ መኪና ተሽከርክራ ወደ ውስጥ የምትገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥሩው ቦታ ከመነሻው ጀርባ ነው፣ መኪኖቹ ከሰው እየራቁ የሚሄዱበት፣ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ደሞ የበለጠ። እይታው እንደ ኩርባው አያጓጓም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ኩርባው ጋ ሰው አይቆምም።

አንድ ጊዜ ተራራ ላይ በሚደረግ ውድድር የደህንነት ሃላፊ ነበርኩ፣ ጠዋት ሰዉ በስርአት ቆሟል፣ ከምሳ በኋላ ቀስ በቀስ ወርዶ ከኩርባው ውጪ በኩል ተሰበሰበ። መነሻውን አስቆምኩት። 40 ደቂቃ ሙሉ አንድም መኪና አልተነሳም፣ ሹፌሮቹ ሞተራቸው እየሞቀ ይጮሁብኛል፣ አዘጋጆቹ ሰአት አለቀ ይሉኛል፣ ህዝቡም አልንቀሳቀስም አለ፣ በመጨረሻ «ካልወጣችሁ ውድድሩ አልቋል» ተብሎ በድምጽ ማጉያ ሲነገር ነው የወጡት። ያን ቀን እዛ ኩርባ ላይ አንድም መኪና አልወጣም። ነገም ቢሆን አስቆመዋለሁ። የአለም ራሊ ላይም ህዝቡ ካልተስተካከለ ያ የመንገድ ክፍል ይሰረዛል፣ ይሄ ልማድ ደሞ በቀላሉ አልመጣም፣ 1986 ፖርቹጋል ላይ መኪና ህዝቡ ውስጥ ገብታ ሶስት ሰው ከሞተ በኋላ የትልልቆቹ ቡድን ሹፌሮች በሙሉ አንወዳደርም ብለው ወጥተዋል። በሁለት ወር ውስጥ ሄንሪ ቶይቮነን እና አብሮት የነበረው ሰርጂዮ ክሬስቶ ኮርሲካ ላይ ተቃጥለው ሲሞቱ ግሩፕ ቢ የሚባሉት እነዛ ሀይለኛ መኪኖች ለቀጣዩ አመት ታገዱ።

አራት አራት አብሮ መነሳቱን ደሞ ተዉት። ብዙ መኪና አንድ ላይ ሲሮጥ የሚፈጠረው ትልቁ ችግር አንዷ መኪና ሌላዋ ላይ መውጣቷ ነው፣ የሌ ማኑ ታሪክም እሱ ነው፣ አንዷ ለሌላዋ መወጣጫ ስትሆን መኪና ትበራለች፣ ከበረረች ደሞ የቱም ርቀትና የቱም ጎማ ሂሳቡ አይሰራም። አንድ በአንድ፣ በሰአት ተወዳደሩ። አንዷ ጨርሳ ስትወጣ ሌላዋ ትነሳለች፣ አቧራ ካለ እስኪረግፍ ይጠበቃል። «አሰልቺ ይሆናል» የሚል ሰው ይኖራል መቼም፣ ግን ሀያ ሹፌር በሀያ ሰከንድ ውስጥ ተቀራርቦ ሲጨርስ የሰአቱን ሰሌዳ የሚያይ ህዝብ እንዴት እንደሚጮህ ስታዩት ሀሳባችሁን ትቀይራላችሁ።

የሹፌሩ እቃ ላይ፣ ሮል ኬጁን አውጡት። የውሃ ቧንቧ ውሃ እንዲይዝ ነው የተሰራው፣ ጎኑ ላይ የተበየደበት መስመር አለው፣ ሲታጠፍና ሲመታ በዛ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ቧንቧ ጭንቅላት አጠገብ ስለት ነው። ለዚህ የሚሆነው መስመር የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የብረት ቱቦ ነው፣ አለም አቀፉ ፌዴሬሽን ኤፍ አይ ኤ ለዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ውፍረት፣ ወይም 50 በ2 ነው የሚጠይቀው። እግሩም ስስ የመኪና ላሜራ ላይ ዝም ብሎ አይበየድም፣ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ከስሩ ይገባል፣ አለበለዚያ ስትገለበጥ ቱቦው ወለሉን በስቶ ይወርዳል። ይሄን በደንብ የሚሰራ በያጅ እስክታገኙ ድረስ ጣሪያዋ ጤነኛ የሆነ ዝግ መኪና ከፋብሪካ ወንበሯና ከፋብሪካ ቀበቶዋ ጋር በዝቅተኛ ፍጥነት አንድ በአንድ ብትሮጥ ከመጥፎ ኬጅ በጣም ይሻላል።

ቀበቶው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አራት ወይ አምስት ቦታ የሚያስረውን የውድድር ቀበቶ ገዝቶ ወለል ላይ ያስረዋል። የትከሻው ቀበቶ ወደ ኋላ ቀለል ያለ ዝቅታ ብቻ ይዞ ነው መሄድ ያለበት፣ ወደ ወለል ከወረደ ግጭት ሲመጣ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። ሌላው ደሞ ደረት በደንብ ሲታሰር ጭንቅላት ብቻውን ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሄልሜት ደሞ ክብደት ይጨምርበታል፣ የራስ ቅል መሰረት የሚሰበረው በዚህ ነው። ዴል ኧርንሃርት 2001 ዴይቶና ላይ የሞተው በዚህ ጉዳት ነው፣ የአሜሪካው የመኪና ውድድር ናስካር በዛው አመት የጭንቅላት መያዣ አስገዳጅ አደረገ፣ ፎርሙላ ዋን በ2003 ሃንስ የሚባለውን የጭንቅላት መያዣ አስገደደ። ስለዚ የውድድር ቀበቶ ካሰራችሁ ሃንሱም አብሮ ይገዛል፣ ካልቻላችሁ ሁለቱንም ተዉትና በፋብሪካው ቀበቶ ሩጡ። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ለመጀመሪያው ቀን ከባዶ ጭንቅላት ይሻላል፣ ግን የመኪና ውድድር ሄልሜት ውስጡ እሳት እንዲቋቋም ነው የሚሰራው፣ ከብረት ቱቦ ጋር ሲጋጭም ይፈተናል፣ ኬጅ ስታስገቡ ሄልሜቱም አብሮ ይቀየራል። የወደቀ ወይም አንዴ የተመታ ሄልሜት ይጣላል፣ ለጓደኛ አይሰጥም።

ናይለን የሆነ ቲሸርትና ካልሲ ማንም አይልበስ፣ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ሮማን ግሮዣን 2020 ባህሬን ላይ በ192 ፍጥነት መከላከያውን መቶ መኪናው ለሁለት ተቆርጦ ወደ 28 ሰከንድ እሳት ውስጥ ቆይቶ በእግሩ ወጣ፣ እጁ ላይ ቃጠሎ ነው የደረሰበት። ብዙ ሰው «ሃሎ (ከሹፌሩ ጭንቅላት ዙሪያ ያለው ጠንካራ ቅስት) አዳነው» ብሎ ያቆማል፣ እውነት ነው፣ ሃሎ ጭንቅላቱን አድኖታል፣ ግን እሳት የሚቋቋመው ልብሱም፣ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከኋላ የተከተለው የህክምና መኪናም አብረው ናቸው ያዳኑት፣ አንዱ ቢጎድል ታሪኩ ሌላ ነበር። እናንተም ሹፌሮቻችሁን ሄልሜትና ቀበቶ እንዳደረጉ ሰአት ይዛችሁ ከመኪና አስወጧቸው። ፎርሙላ ዋን ላይ 7 ሰከንድ ነው። እናንተ ጋ በ10 ሰከንድ መውጣት ያልቻለ አይወዳደርም።

ከመነሳታቸው በፊት መኪኖቹን አንድ በአንድ መርምሩ፣ የጎማ ቡሎን በቁልፍ ተጠብቆ ይታይ፣ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ ሲለቀቅ ወዲያው መመለሱ ይታይ፣ ክሪክ፣ መፍቻ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ተጠባባቂ ጎማ ሁሉ ይውጣ። 2009 ሃንጋሪ ላይ ፊሊፔ ማሳን ለሞት ያቀረበችው ከፊቱ ከነበረችው መኪና የወለቀች አንዲት ስፕሪንግ ናት፣ ሄልሜቱን መታችው።

አሁን ገንዘቡ። ማርሻሎች (ትራኩ ዳር ቆመው ባንዲራ የሚያሳዩትና አደጋ ሲደርስ ቀድመው የሚደርሱት ሰዎች) እና ማዳኛው ላይ አውሉት። 1973 ዛንድቮርት ላይ ሮጀር ዊልያምሰን መኪናው ተገልብጣ በእሳት ተያዘች፣ ዴቪድ ፐርሊ የሚባለው ሹፌር የራሱን ውድድር ትቶ ብቻውን ሊገለብጣት ታገለ፣ ማርሻሎቹ እሳት የሚቋቋም ልብስ አልነበራቸውም፣ ሌሎቹ መኪኖች በአጠገቡ መሮጣቸውን ቀጠሉ። ዊልያምሰን ሞተ። ውድድሩን «አቁም» የሚል ሰው አልነበረም። 1978 ሞንዛ ላይ ሮኒ ፒተርሰን ከተጋጨ በኋላ አምቡላንስ በጣም ዘግይቶ ደረሰለት፣ በማግስቱ ሞተ፣ ፕሮፌሰር ሲድ ዋትኪንስ ከዛ በኋላ ነው የህክምና መኪና በመጀመሪያው ዙር ከኋላ ይከተል ያሰኙት። ስለዚ ለናንተ፣ እያንዳንዱ የማርሻል ቦታ ቀጣዩን ማየት አለበት፣ እያንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው፣ ሬድዮ፣ ቀይ ባንዲራ፣ ሁለት የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ቀበቶ መቁረጫ። አንዱ ሲሰራ አንዱ የሚመጣውን መኪና ያያል፣ ጀርባ ለትራክ አይሰጥም። ቀይ ባንዲራ ሳይወጣ ማንም ትራክ ውስጥ አይገባም፣ 1977 ካያላሚ ላይ እሳት ለማጥፋት እየሮጠ ትራክ የተሻገረ ወጣት ማርሻልና ቶም ፕራይስ አንድ ላይ ሞተዋል። ጎታች መኪናም እንደዛው፣ ሁሉም ከቆመ በኋላ ነው የሚገባው፣ ጁልስ ቢያንኪ 2014 ሱዙካ ላይ የተጋጨው ሌላ መኪና ሊያነሳ ከገባ ማሽን ጋር ነው። አምቡላንስ ሁለት ይሁን፣ አንድ ብቻ ከሆነ ሰው ይዞ ከወጣ እስኪመለስ ውድድር የለም።

እና ይሄን ሁሉ የሚያስቆም አንድ ሰው ሹሙ፣ የማይወዳደር፣ መኪና ያላስገባ፣ ገንዘብ ያላወጣ። እሱ «ቁም» ካለ ክርክር የለም።

ስለዚ የማዛችሁ ይሄ ነው፣ የመጀመሪያውን ውድድር አንድ በአንድ በሰአት አርጉት፣ በኮን መንገዱን አጣመሙትና የትም ቦታ ከ80 እንዳያልፍ፣ መኪና ልትወጣ በምትችልበት አቅጣጫ ሁሉ 100 ሜትር ባዶ ይሁን፣ ተመልካች ከመነሻው ጀርባ አንድ ቦታ ብቻ፣ ፊት ለፊቱም ነዳጅ መስጫዋ ተጣብቆ ወደ ሰው ልትመጣ የምትችል መኪና ስለማትጠፋ ቀጥ ብለው የቆሙ አሸዋ የሞሉ ትልልቅ ከረጢቶች ይደርደሩ። ተመልካቹን መቆጣጠር የምትችሉበት ሰው ከሌላችሁ የመጀመሪያውን ያለ ተመልካች አርጉት። ይሄን ሁሉ ብታደርጉም አደጋ አይቀርም አልልም፣ አንድ ሹፌር ሊጎዳ ይችላል፣ እሱ ፈቅዶ የገባበት ነው፣ ገመዱ ጋ የቆመው ሰው ግን በዚህ አሰራር ከመኪናዋ መንገድ ወጥቷል።

መኪና ሳታስገቡ በፊት ሜትር ይዛችሁ ትራኩን በእግር ዙሩት፣ እያንዳንዱ ኩርባ ጋ ቆማችሁ ቀጥ ብላ ብትወጣ ምን እንደምታገኝና ስንት ሜትር ላይ እንደምታገኘው ወረቀት ላይ ሳሉት፣ ዛፍ፣ ቦይ፣ ግንብ፣ የመብራት ምሰሶ ሁሉ ይግባበት። ስዕሉን ላኩልኝ፣ አየዋለሁ።